ትንፋሽ ቆጣሪዎቹ

ካሳሁን። ምትኩ። ተካልኝ። ማስረሻ። ምትኬ። ኑርልኝ።

ሐዋሳ ውስጥ ደስ ወዳላችሁ መሥሪያ ቤት ግቡና ዕድሜያቸው ከአርባ ያለፈ ሠራተኞችን የስም ዝርዝር ጠይቁ። ከእነዚህ ስሞች ሁለት ሦስቱን አታጡም። እንደማንኛውም ስም ጠርተናቸው እናልፋለን። ቆም ብለን ስናዳምጣቸው ግን አብዛኞቹ የሐዘን ደብዳቤ ይመስላሉ። ካሳ የሚከፈለው የጠፋ ነገር ሲኖር ነው። ምትክ የሚባል ሰው ካለ ቦታውን የለቀቀ ሌላ ሰው ነበር ማለት ነው። ልጇን ‹‹ኑርልኝ›› ብላ የምትጠራ እናትስ ምን ብታይ ነው? (ሁሉም ስም ለሞተ ሕፃን የወጣ ነው አላልንም፤ አባት ወይም አያት ሲያርፍ የወጣም አለ። ከፊቱ ለተቀበረ ወንድም ወይም ለተቀበረች እህት የወጣውን ለማግኘት ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እናቶቻችሁን ጠይቁ።)

ዛሬ የሐዋሳ መዋዕለ ሕፃናት ደጃፍ ላይ ብትቆሙ የምትሰሙት ናታን፣ ሶልያና፣ ኤልዳና፣ ያፌት ነው። ፋሽን ነው እንላለን፤ ፋሽንም ነው። ከፋሽኑ ሥር ግን ሌላ ለውጥ አለ። በተባበሩት መንግሥታት ግምት መሠረት በ1990 በኢትዮጵያ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 200 ያህሉ አምስተኛ ዓመታቸውን ሳያከብሩ ይሞቱ ነበር። ከአምስት ልጅ አንድ ማለት ነው። አገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በ2000 ሲካሄድ ቁጥሩ 166 ነበር፤ በ2005 ወደ 123፣ በ2011 ወደ 88፣ በ2016 ደግሞ ወደ 67 ወርዷል። (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ሐሳቡ እንዳይምታታብን።)

እኛን የገረመን ጥያቄ ይህ ነው። በእነዚህ ዓመታት አገሪቱ ሀብታም አልሆነችም፤ በየወረዳው የሕፃናት ስፔሻሊስት አልተመደበም፤ በየቀበሌው ራጅ አልተተከለም። ታዲያ እነዚህን ልጆች ማን አዳናቸው? መልሱን ስንፈልግ ክትባትን፣ ንጹሕ ውሃን፣ መንገድን፣ የእናቶችን ትምህርት አገኘን፤ የሁሉንም ድርሻ አንክድም። ዛሬ የምናወጋችሁ ግን ብዙም ስለማይነገርለት ስለ አንዱ ነው። የታመመን ልጅ በወጉ ማየት፣ መቁጠርና መለካት የተባለው ሙያ ከቤተ መንግሥት ተነሥቶ እንዴት ቀበሌ ድረስ እንደወረደ እንተርካለን።

ምች፣ ግግ፣ እንጥል

በመጀመሪያ አያቶቻችንን እንዳንበድል። ‹‹ድሮ እናቶች አያውቁም ነበር›› የሚል ወሬ ይደብረናል። ያውቁ ነበር። ልጅ ሲታመም ማንም ሳይነግራቸው ያዩታል። ጡት እምቢ ማለቱን፣ ዐይኑ መሰርጎዱን፣ እንባው መድረቁን፣ ‹‹ልጄ ዛሬ ልጄ አይደለም›› የሚያሰኘውን መልፈስፈስ ቀድመው የሚለዩት እነሱ ናቸው። ትክትክን በድምፁ፣ ኩፍኝን በሽፍታው ይለዩታል። ዛሬ ነርስ ከምትጠይቃቸው ዋና ዋና ጥያቄዎች ብዙዎቹ እናት አስቀድማ የምታውቀውን የሚያወጡ ናቸው።

የጎደለው ከማየት ቀጥሎ ያለው ነበር፤ ያዩትን ትርጉም ሰጥቶ ትክክለኛውን መድኃኒት ማግኘት። ለምች ዳማከሴ ይታሻል። ትኩሳትና ተቅማጥ የያዘው ልጅ ‹‹ግግ አብቅሎ ነው›› ይባልና ድዱ ተሰንጥቆ ገና ያልወጣው የወተት ጥርስ ይነቀላል። የጉሮሮ ሕመም ያለበት እንጥሉ ይቆረጣል። ቆራጩ የታወቀ የሰፈር ሰው ነው፤ መሣሪያው ግን ንጹሕ አይደለም። ከበሽታው ያመለጠው ልጅ በደም መፍሰስና በቁስሉ መመረዝ የሚሞትበት ጊዜ ነበር።

ቋንቋችን ራሱ ይህን ታሪክ ይዟል። ኒሞኒያን ‹‹የሳንባ ምች›› ብለን ነው የተረጎምነው። ምች ደግሞ በአገር ቤት ሕክምና ቅጠል አሽቶ የሚለቅ ነገር ነው። አደገኛውን የልጆች ገዳይ ዳማከሴ በሚያድነው በሽታ ስም ስንጠራው ኖረናል ማለት ነው። የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን ግን ሰዓታትና ቀናት ብቻ ናቸው ያሉት፤ ቅጠል አይመልሰውም።

ነርሷ ልዕልት

የሕፃናት ነርስነት በኢትዮጵያ በስም የሚታወቅ ታሪኩ ከማን ይጀምራል ብትሉን፣ ወደ ለንደን እንወስዳችኋለን።

በ1936 ፋሺስት ጣሊያን አዲስ አበባን ሲይዝ የንጉሠ ነገሥቱ ቤተሰብ ወደ እንግሊዝ ተሰደደ። ከልጆቹ አንዷ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ተቀምጠው ከማዘን ይልቅ በለንደኑ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ለነርስነት ሥልጠና ገቡ። የንጉሥ ልጅ የሕፃን ጨርቅ ሊቀይሩ፣ ሙቀት ሊለኩ፣ ሌሊት ተረኛ ሆነው ሊያድሩ ማለት ነው። በ1939 በሕፃናት ነርስነት ተመርቀው በሙያው ተመዘገቡ፤ ሥልጠናቸውንም በጋይስ ሆስፒታል ቀጠሉ። ጦርነቱ ለንደንን ሲያነድ እዚያው ነበሩ።

አገር ነፃ ስትወጣ ተመለሱ። በ1942 አገቡ፤ ባለቤታቸው አቢይ አበበ ወደሚሠሩበት ወለጋም ሄዱ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ነቀምት ውስጥ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ችግር አረፉ። ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበሩ፤ የእኛ ዕድሜ ማለት ነው። የአገሪቱ ባለ ዲፕሎማ የሕፃናት ነርስ፣ የንጉሠ ነገሥት ልጅ፣ በወሊድ ምክንያት ሞቱ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሥልጣንም ገንዘብም ትምህርትም ነበራቸው። ያልነበራቸው ነገር ባሉበት ቦታ በሰዓቱ የሚደርስላቸው ባለሙያ ነበር።

የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበሩት ሲልቪያ ፓንክረስት በስማቸው ሆስፒታል እንዲሠራ እንግሊዝ ውስጥ ገንዘብ ሲያሰባስቡ ቆዩና የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል በ1951 አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። ነርሶችም ያሠለጥን ጀመር። ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ነው። በበሩ የሚያልፉ ስንቶች ከግድግዳው ጀርባ አንዲት የሕፃናት ነርስ እንዳሉ ያውቁ ይሆን?

ድሬሰር፣ ጎንደር፣ ፋፋ

ሆስፒታል አንድ ነገር ነው፤ አገር ሌላ ነገር። በ1950ዎቹ አብዛኛው ሕዝብ የሚኖረው ከሆስፒታል የቀናት መንገድ ርቆ ነበር። ሐዋሳ ራሷ እንደ ከተማ አልነበረችም፤ የተቆረቆረችው በ1960 አካባቢ ነው። የያኔው የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ይርጋለም ነበረች። በገጠር ‹‹ዶክተር›› ተብሎ የሚጠራው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ድሬሰር ነበር፤ ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት የተማረ። አያቶቻችን ስሙን ሲያነሡ ዛሬም በአክብሮት ነው።

ይህን ክፍተት ለመሙላት በ1954 ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ዶክተር ለማስመረቅ አልነበረም። ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ በቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር መላክ ነበር ዓላማው። የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው ከዚያ አሥር ዓመት ዘግይቶ፣ በ1964 ነው። ማለትም አገሪቱ ራሷ ዶክተር ማሠልጠን ከመጀመሯ በፊት ወደ ሕዝቡ የሚወርድ ባለሙያ ማሠልጠን ጀምራ ነበር።

በዚያው ዘመን ከስዊድን ጋር በመተባበር አዲስ አበባ ላይ የሕፃናት ክሊኒክ ቆመ፤ በ1962 ደግሞ የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ተቋቋመ። የዚህ ክፍል ሥራ በየቤታችን ገብቷል፤ ፋፋ ነው። አዎ፣ ያ የምናውቀው የፋፋ ዱቄት! እህልን ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት ጋር አዋሕዶ፣ ጡት ከመጣል በኋላ ለሚከሳ ልጅ የተዘጋጀ ምግብ ነበር። ስሙ ሐኪም የጻፈው አይመስልም፤ እናት ለልጇ የምትመኘው ነው። ‹‹ፋፋ››፣ ማለትም ወፍር፣ ደልበህ እደግ።

በደርግ ዘመንም በ1980 አገር አቀፍ የክትባት ፕሮግራም ተጀመረ፤ ሽፋኑ ግን በጦርነትና በረሃብ መሀል እየተንገዳገደ ነበር። በሽታው መጥቶ ሲያበቃ ግን ጥያቄው ያው ነው። ልጁ አሁን ታሟል። ማን ይየው? በምን ይየው?

አንድ ደቂቃ

መልሱ በከፊል የመጣው ከማይጠበቅ ቦታ ነው፤ ከፓፑዋ ኒው ጊኒ ተራሮች። በ1980ዎቹ መጀመሪያ እዚያ ይሠራ የነበረው የሕፃናት ሐኪም ፍራንክ ሻን ራጅም ላቦራቶሪም በሌለበት ገጠር የሳንባ ምችን ከተራ ጉንፋን እንዴት መለየት ይቻላል ብሎ ተነሣ። ልጆቹን አንድ በአንድ እያየ ምልክቶቻቸውን መዘገበ። ያገኘው ነገር ለማመን የሚያስቸግር ቀላል ነበር። በማዳመጫ ሳንባ ውስጥ የሚሰማውን ድምፅ ከማሳደድ ይልቅ ልጁ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚተነፍስ መቁጠርና ደረቱ ወደ ውስጥ መሰርጎዱን ማየት በቂ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ሰከንድ ቆጣሪ ያለው ሰዓት ብቻ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከዚህና ከመሰል ጥናቶች ተነሥቶ መመዘኛ አወጣ። ከሁለት ወር በታች ያለ ጨቅላ በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ያለ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያለ ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ትንፋሹ ፈጣን ነው ይባላል። አቆጣጠሩ የራሱ ሥርዓት አለው። ልጁ ማልቀስ የለበትም፤ ጡት እየጠባም መሆን የለበትም። ሠላሳ ሰከንድ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት አይቻልም፤ የሕፃን ትንፋሽ ስለሚዛባ ሙሉውን ደቂቃ መቁጠር ግድ ነው። አንድ ደቂቃ! በታካሚ ብዛት በተጨናነቀ ጤና ጣቢያ ግን አንድ ደቂቃ ዝም ብሎ የልጅ ሆድ ማየት ትልቅ ዲሲፕሊን ይጠይቃል።

ለተቅማጥም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜ ሕንድ ድንበር ላይ ያሉ የስደተኞች ካምፖችን ኮሌራ አጠቃቸው። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። ሐኪሙ ዲሊፕ ማሃላናቢስ ጨውና ስኳር ያለበትን ውሃ በበርሜል አዘጋጅቶ ቤተሰቦች ራሳቸው ሕሙማኑን እንዲያጠጡ አደረገ፤ የሟቾቹም ቁጥር እጅግ ቀነሰ። እኛ ‹‹ሕይወት አድን ንጥረ ነገር›› የምንለው ፓኬት፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ የሚበጠበጠው፣ የዚያ ዘመድ ነው። ስሙን ያወጣው ሰው አላጋነነም።

በ1990ዎቹ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እነዚህን ቁርጥራጭ ዕውቀቶች አንድ ላይ ሰፏቸው። ልጅ አንድ በሽታ ብቻ ይዞ አይመጣም፤ ያስለዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ከስቷልም። ስለዚህ ባለሙያዋ እናት ‹‹ሳል ነው›› ብትላትም ሁሉንም በተርታ መጠየቅ አለባት። ይህን የተቀናጀ የሕፃናት ሕክምና መመሪያ በመስክ ከሞከሩት የመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዱ የት ይመስላችኋል? ጎንደር፣ በ1994። ያቺው በ1954 ኮሌጅ የተከፈተባት ጎንደር። በኋላ በብዙ አገሮች ነርሶች እጅ የገባው መጽሐፍ ጎንደር ጤና ጣቢያዎች ውስጥ፣ በአገራችን ባለሙያዎችና በአገራችን ሕፃናት ተፈትኗል።

መጽሐፉ እንዲህ ይሠራል። መጀመሪያ አራት የአደጋ ምልክቶች ይጠየቃሉ። መጠጣት ወይም መጥባት አቅቶታል? የወሰደውን ሁሉ ያስመልሰዋል? አንቀጥቅጦታል? ራሱን ስቷል ወይስ ልፍስፍስ ብሏል? አንዱ እንኳ ካለ ወሬ የለም፤ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሰጥቶ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል። ከዚያ ሳል፣ ተቅማጥ፣ ትኩሳት፣ ጆሮ በቅደም ተከተል ይታያሉ። የሆድ ቆዳ በጣት ተቆንጥጦ ይለቀቃል፤ ለመመለስ ከሁለት ሰከንድ በላይ ከወሰደ ሰውነቱ ውሃ ክፉኛ አጥቷል። መዳፉ ይታያል፤ ነጭ ከሆነ ደም ማነስ አለ። ክትባቱ ይጣራል። ውጤቱ በቀለም ይመደባል፤ ሮዝ አስቸኳይ ሪፈር፣ ቢጫ እዚያው የሚታከም፣ አረንጓዴ ቤት ሆኖ የሚረዳ። በመጨረሻም እናትየው መቼ ቶሎ መመለስ እንዳለባት ትነገራለች፤ ነርሷም ‹‹ገባሽ?›› ብላ አታልፍም፣ ‹‹እስቲ አንቺ ንገሪኝ›› ትላለች። ይህች የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር መድኃኒት ናት ብንል አናጋንንም።

ሐዲያ ላይ የተለካ ክንድ

ሁለተኛው ምዕራፍ የተጻፈው ደግሞ ከሐዋሳ ብዙም ሳይርቅ ነው።

ደቡቡን የምታውቁ ‹‹አረንጓዴ ረሃብ›› የሚለውን ቃል ታውቁታላችሁ። እንሰቱ ቆሟል፣ ተራራው ለምልሟል፣ ልጁ ግን አጥንቱ ይቆጠራል። ከመንገድ ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው የተራበ አገር አይመስልም። እስከ 2000ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዳ ልጅ የሚታከመው ማዕከል ውስጥ ተኝቶ ነበር። እናት ሌሎቹን ልጆች ጎረቤት ላይ ጥላ፣ ማሳዋን ትታ፣ ሳምንታት ትቀመጣለች። በተጨናነቀው አዳራሽ ልጁ ኩፍኝ ወይም ተቅማጥ ይዞ ይባስ ሊታመም ይችላል። ብዙዋ እናት ‹‹ከነጭራሹ ይቅርብኝ›› ብላ ቤቷ ትቀራለች፤ ማን ይፈርድባታል?

በ2000 በሐዲያ ዞን ባደዋቾ ወረዳ ሌላ መንገድ ተሞከረ። ክፉኛ የከሱ ሕፃናት ሳይተኙ፣ በየሳምንቱ እየታዩና ገንቢ ምግባቸውን ወደ ቤት እየወሰዱ እንዲታከሙ ተደረገ። ስቲቭ ኮሊንስና ኬት ሳድለር በ2002 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ያወጡት ውጤት ብዙዎችን አነጋገረ። ከ170 ሕፃናት 85 በመቶው አገገሙ፤ የሞቱት 4 በመቶ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ በ2007 ይህንኑ መንገድ ለዓለም ሁሉ ደገፉት። አገር ውስጥም በ2008ቱ ድርቅ ወቅት ሕክምናው ወደ ጤና ኬላዎች ወረደ። በብር ወረቀት የታሸገው የለውዝ ቅቤ፣ ፕላምፒ ነት፣ በየገጠሩ የታወቀ ስም ሆነ፤ አገር ውስጥም ይመረት ጀመር።

መለኪያው እንደ ሰዓቱ ቀላል ነው፤ ባለ ሦስት ቀለም የክንድ ሜትር። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ የግራ ክንዱ መሀል ዙሪያው ከ11.5 ሳንቲ ሜትር ካነሰ ቀይ ነው። በሌላ አነጋገር የክንዱ ዙሪያ ከብዕር ርዝመት ያነሰ ማለት ነው። ሚዛን አያስፈልግም፤ ኮረንቲ አያስፈልግም፤ ማንበብ የማትችል እናት እንኳ ቀለሙን ታያለች።

አንቲባዮቲኩን ማን ይስጥ?

እስካሁን ያወራነው ስለ ዘዴው ነው። ዘዴው ግን እጅ ያስፈልገዋል። በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች ከየአካባቢያቸው ተመልምለው አንድ ዓመት ሠለጠኑና ለየቀበሌው ጤና ኬላ ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30,000 በላይ ደረሱ። አብዛኞቹ ያኔ የእኛ እኩያ ወይም ታናሽ ነበሩ። መጸዳጃ አስቆፈሩ፣ ክትባት ሰጡ፣ አጎበር አደሉ፣ ለወባና ለተቅማጥ አከሙ።

አንድ ነገር ግን ለዓመታት ተከልክለው ነበር፤ ለሳንባ ምች አንቲባዮቲክ መስጠት። ሰበቡ ቀላል አልነበረም። ‹‹አሥረኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ አንቲባዮቲክ ታዝ? መድኃኒቱ በየቦታው ሲበተን ጀርሙ አይለምደውም?›› የሚለው ሥጋት የቅናት ብቻ አልነበረም፤ የሙያ ጥንቃቄም ነበረበት። በሌላ በኩል ያለው ሒሳብ ግን ጨካኝ ነበር። የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጁን ታየዋለች፣ ትንፋሹን ትቆጥራለች፣ ፈጣን መሆኑን ታውቃለች፤ ከዚያ ‹‹ጤና ጣቢያ ውሰጂው›› ትላለች። ጤና ጣቢያው የሰዓታት መንገድ ነው፤ ወንዝ ሞልቷል፤ አባት ገበያ ሄዷል። እናት እንደምንም ደርሳ ስትመለስ ምትኬ የሚባል ስም ትዘጋጃለች።

በ2010 ፖሊሲው ተለወጠ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተጨማሪ ሥልጠና እየወሰዱ የሳንባ ምችን እዚያው ጤና ኬላ ላይ እንዲያክሙ ተፈቀደላቸው፤ በቀጣዩ ዓመትም ሥራው በሰፊው ተዘረጋ። መስከረም 2013 ላይ የተባበሩት መንግሥታት ኢትዮጵያ የሕፃናትን ሞት በሁለት ሦስተኛ የመቀነስ የምዕተ ዓመቱን ግብ ከቀጠሮው ሁለት ዓመት ቀድማ ማሳካቷን አስታወቀ። ይህን ሁሉ ያደረገችው የጤና ኤክስቴንሽኗ ብቻዋን ነች ብንል ውሸት ይሆናል፤ እሷን ዘለን ታሪኩን ብንተርክ ግን የባሰ ውሸት ነው።

ልብ በሉልን፤ ክርክሩ ያለቀው ሥጋቱ ከንቱ ስለነበረ አይደለም። ከተማ ውስጥ ዛሬም ተራ ጉንፋን ላለበት ልጅ ፋርማሲ ሄደን ያለ ማዘዣ አሞክሳሲሊን የምንገዛው እኛው የተማርነው ነን። የቀበሌዋ ልጅ ቢያንስ ቆጥራ ነው የምትሰጠው። እኛ ምን ቆጠርን?

ሐዋሳና ቀሪው ሒሳብ

ሐዋሳ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት መልክ አላት። ከሐይቁ አጠገብ ያለው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል፣ በተለምዶ ‹‹ሪፈራል›› የምንለው፣ ከሲዳማና ከአካባቢው ክልሎች የሚላኩ ሕፃናትን ይቀበላል፤ ነርስና ሐኪም ያሠለጥናል። ከቀበሌ ጤና ኬላ የተነሣው የሮዝ ወረቀት መድረሻው እዚህ ነው። በሌላ በኩል ከተማዋ በፍጥነት አድጋለች። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2016 ከተመረቀ ወዲህ ከገጠር የመጡ ብዙ ወጣት ሴቶች በየኪራይ ቤቱ ብቻቸውን ይኖራሉ። ገጠር ያሉ እህቶቻቸው ‹‹ልጄን እዪልኝ›› የሚሏት የጤና ኤክስቴንሽን አለቻቸው፤ አማትና ጎረቤትም አላቸው። የከተማዋ ወጣት እናት ግን በፈረቃ ሥራ መሀል ልጇ ሲያተኩሰው ማንን ትጠይቃለች? ለከተሞች በ2009 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነርሶችን ነው የመደበው፤ ሐሳቡ ትክክል ነው። ግን ከእኛ አንባቢያን ስንቶቻችሁ የሰፈራችሁን ባለሙያ በስሟ ታውቋታላችሁ?

ከዚህ የሚከብድ ቀሪ ሒሳብም አለ። ከላይ የጠቀስነውን ቁጥር አንድ ጊዜ እንፈትሸው። በ2000 ከ1,000 ሕፃናት 166 ሲሞቱ 49ኙ የሞቱት በተወለዱ በመጀመሪያው ወር ነበር። በ2016 ከ67ቱ 29ኙ በመጀመሪያው ወር ሞቱ። ትልልቆቹ ልጆች ሲተርፉ ጨቅላዎቹ በዚያው ፍጥነት አልተረፉም ማለት ነው። ድሮ ከሚሞቱት ሦስት ልጆች አንዱ ጨቅላ ነበር፤ በ2016 ከአሥሩ አራት ሆኗል።

ለምን? ጨቅላ ሕፃን ብዙ ጊዜ ጎልቶ የሚታይ ምልክት አያሳይም። አይጮኽም፤ ዝም ይላል። ያነጠሰው ልጅ ያሳስበናል፤ ዝም ያለው ግን ‹‹ጥሩ ልጅ›› ይባላል። ጊዜውም አጭር ነው፤ ጠዋት ጡት የጠባ ማታ ላይኖር ይችላል። ለዚህም የሚረዳ ቀላል ነገር አልጠፋም። ያለጊዜው የተወለደን ሕፃን እናት ደረቷ ላይ ቆዳ ለቆዳ አጣብቃ ማሞቋ፣ የካንጋሮ እንክብካቤ የሚባለው፣ በ1978 ኮሎምቢያ ቦጎታ የተጀመረ ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ውስጥ በ1990ዎቹ ገብቶ፣ ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁ በሥራ ባልደረባቸው ታግዘው ያጠኑት ጥናት በ2005 ታትሟል። ሲዳማ ውስጥም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በጠና የታመመ ጨቅላ ሆስፒታል መድረስ ሲያቅተው እዚያው መርፌና መድኃኒት እንዲሰጡ የሚያስችል ሙከራ ተካሂዷል፤ አሠራሩም በ2013 እንደ አገር ተጀመረ። መንገዱ ያው የድሮው ነው፤ ዕውቀቱን ወደ ልጁ ማቅረብ። ልዩነቱ፣ ለጨቅላ ሲሆን የሚቀርበው ዕውቀት ከአንድ ደቂቃና ከአንድ ሜትር ይበልጣል። ሌሊት የማትተኛ ነርስ፣ የማይቋረጥ ኦክስጅን፣ ሳያመነታ የሚነሣ አምቡላንስ ይፈልጋል። እነዚህ ደግሞ ገንዘብና ሥርዓት ናቸው። ነርሷን ‹‹የነጭ ለባሽ መልአክ›› ብሎ በማሞገስ ብቻ አይመጡም፤ ደመወዝና ተረኛ በማመቻቸት እንጂ።

እኛ ጋዜጠኝነት ያጠናን ሰዎች ነን፤ ሐኪሞች አይደለንም፤ ማንንም አናክምም። አንባቢያችን ብዙዎቻችሁ ግን ነገ እናትና አባት ናችሁ፤ ዛሬም አክስትና አጎት። ስለዚህ ከዚህ ረጅም ወግ ሁለት ነገር ይዛችሁ ሂዱ። የሚያስለውን ልጅ ስታዩ ተኝቶ ወይም ረጋ ብሎ ሳለ ልብሱን ከፍ አድርጉና በሰዓታችሁ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ፤ ቁጥሩ ከመመዘኛው ከደረሰ ወይም ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ ጤና ጣቢያ እንጂ ፋርማሲ አትሂዱ። ቁጥሩ ቢያንስም የአደጋ ምልክት ካያችሁበት አትጠብቁ። ገና ወር ያልሞላው ደግሞ ጡት እምቢ ካለ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ካተኮሰው፣ ‹‹ነገ እናየዋለን›› አይባልም።

ሁለተኛው፣ በሰፈራችሁ የምትዞረውን ቦርሳ አንጋች ሴት በስሟ ጥሯት። የልዕልቲቱን ሙያ ነው የያዘችው።

ቸር እንሰንብት።